«መብሳት»፣ «መበሳት»፣ «መፈንዳት»፦ ስለ አንድ የአንጀት ጉዳት ስያሜ

በላቲን «ስተርኩስ» ዓይነ ምድር ማለት ነው። «ስተርኮራል ፐርፎሬሽን» የተባለው የሕክምና ስያሜም የተገኘው ከዚሁ ነው። ሕመሙ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ሲሆን፣ በይበልጥ የሚያጠቃው የቆየ የሆድ ድርቀት ያለባቸውን አረጋውያን ነው። የጠጠረው ዓይነ ምድር የደንዳኔን ግድግዳ ሲጫነው በዚያ ስፍራ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ሥጋው ሞቶ ቀዳዳ ያወጣል። በውስጡ ያለው ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስም ሐኪሙ ጊዜ ሳያጠፋ ሆድ መክፈት ይኖርበታል።

ለ«ፐርፎሬሽን» በተለምዶ የሚሰጠው አቻ «መበሳት» ነው። አቻው በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ከ«መብሳት» የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በንግግር የ«መበሳት» «በ» ስለምትጠብቅ ልዩነቱ ይሰማል፤ በጽሕፈት ግን በ«በ» ፈንታ «ብ» ከገባች (የማተሚያ ቤት እርማት የሠራ ሰው ይህን አያጣውም) በስምምነት ቅጽ ላይ ሕመሙ የሐኪሙ ድርጊት ሆኖ ይነበባል። ፊደሏ ብትቃናም እንኳ «ተበሳ» የተሰወረ አድራጊ ያስጠረጥራል፤ ጆሮ ተበሳ፣ ግድግዳ ተበሳ ስንል የበሳ ሰው አለና። ቤተ ዘመድ «ማን በሳው?» ብሎ ቢጠይቅ ቋንቋውን በሚገባ ማወቁ ነው።

ሕዝቡ ስለ ትርፍ አንጀት ሲናገር «ፈነዳ» ይላል። ግሱ ተሳቢ የማይሻ በመሆኑ ማንንም አይከስም። እርግጥ የሞተ ሥጋ መሸንቆርና በግፊት መፈንዳት አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ለመዝገበ ቃላቱ «መበሳት»ን ከነማብራሪያው፣ ለታማሚው ቅጽ ግን «መፈንዳት»ን እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚብሰው «ድንገተኛ ቀዶ ጥገና» የሚለው ሐረግ ነው። «ድንገተኛ» የአመጣጥን፣ «አስቸኳይ» የአፈጻጸምን ጠባይ ይገልጣል። በአረጋውያን ዘንድ ሕመሙ ደብዘዝ ሊል፣ ትኩሳትም ላይታይ ይችላል፤ ድርቀቱም የከረመ ነው። «ድንገተኛ» የሚለውን ያነበበ ልጅ፣ የአባቱ ሕመም የሰነበተ መሆኑን አስቦ እስከ ነገ ቢያቆየው አይፈረድበትም። እዚህ ላይ የሚስማማው «አስቸኳይ» ነው።

«ጥገና»ም ቢሆን የተበላሸው እንደነበረ ይመለሳል የሚል ተስፋ ይሰጣል። በፈረንሳዊው ሐኪም በሃርትማን ስም በሚጠራው ዘዴ ግን የሞተው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የላይኛው የአንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይሰፋል፤ ዓይነ ምድርም ከዚያ ወዲያ በዚያ ይወጣል። በብዙ አረጋውያን አንጀቱ ተመልሶ ሳይቀጠል ይቀራል። ተርጓሚው «ቀዶ ሕክምና» ብሎ ይጻፍ፤ ስለ አዲሱ መውጫም ከፊርማው በላይ በተለየ ዐረፍተ ነገር ይግለጽ።