ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

«ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሁሉ «በመቶ!» ብሎ ለመመለስ ይቸኩላል። እኛም በኬሚስትሪ ክፍላችን እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን እዚሁ አዲስ አበባ ውኃ አፍልተን ብንለካው ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ቀጥ አለ። እሳቱን ብንጨምር ፈቀቅ አላለም፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሎን በሌላ ብንለውጠውም ውጤቱ ያው ሆነ። ስለዚህ ምክንያቱን ለውድ አንባብያን ለማስረዳት ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

አንድ ፈሳሽ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት ግፊት በላዩ ከተጫነው ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ብርቱ ስለሆነ ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሸክሙ የቀለለለት ውኃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል።

ምግብን የሚያበስለው መንተክተኩ ሳይሆን ሙቀቱ ነውና፣ በደጋ አገር የሽምብራ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ ድስት ግን ግፊቱን ስለሚያበረታው ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ንፍሮውም ፈጥኖ ይበስላል።

በፋብሪካ ደግሞ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። የሸንኮራ ጭማቂ ክፍት በሆነ ጋን ብዙ ሲፈላ ስኳሩ ይጠቁራል፣ ያርራል። በአሜሪካ ሉዊዚያና በባርነት የተያዙ ሠራተኞች የሚንተከተከውን ጭማቂ ከጋን ወደ ጋን በጭልፋ ሲገለብጡ ገላቸው ይቃጠል ነበር። የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ኖርበርት ሪልዩ እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ይህን ለወጠ። ጋኖቹ ዝግ ሆኑ፤ አየሩም በፓምፕ ስለሚሳብ ግፊቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከፊተኛው ጋን የወጣው እንፋሎት ተከታዩን ለማፍላት ይበቃል። በዚህም ስኳሩ ከማረር፣ ሠራተኛው ከመቃጠል፣ ማገዶውም ከመባከን ዳነ። የስኳር ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

እቤታችን ንፍሮው ሲዘገይ እናቴ «እሳቱን ጨምሩ!» ትል ነበር። እኔም ቴርሞሜትሩን አስታውሼ፣ ድስቱ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመር ውኃው ከ92 ዲግሪ እንደማያልፍ ነገርኋት። አሁን ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰን ክዳኑን እንገጥማለን። ንፍሮው በዚያው ሰዓት ይበስላል፤ እንጨቱ ግን ለነገም ይተርፋል።