በራስ ዲካ የቅዝቃዜው ወራት፤ ዳቦና መጽሐፍ

ለደጋ ሰው ክረምት ማለት ዝናብ የሚወርድበት፣ ቤተ ሰብም በምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ቆሎ እየቆረጠመ ወግ የሚሰማበት ወራት ነው። በጅቡቲ ከተማ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የደጋው ክረምት በሚበረታበት በሐምሌ፣ በዚያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በቤት ውስጥ እሳት ማንደድ ራስን መቅጣት ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ጥቂቱም ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው በዚሁ ወራት ነው። ሊጥ የሚቦካው፣ መስኮት ተከፍቶ መጽሐፍ የሚገለጠውም ያን ጊዜ ነው።

ራስ ዲካ ከከተማዪቱ ሦስት ኮሙኖች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ ቡላኦስና ባልባላ ይባላሉ። በቅዝቃዜው ወራት፣ የዕረፍት ቀን በሆነው በዓርብ፣ ጧት ከምጣድ የሚወጣው ላሖሕ የደጋውን እንጀራ የሚመስል፣ ዓይን ያለው ስስ ቂጣ ነው፤ በማርና በቅቤ፣ ሄልና ቀረፋ ከገባበት ሻይ ጋር ይቀርባል። የየመን ሰዎች በሸክላ ምድጃ የሚጋግሩት ሰፊ ቂጣና ፈረንሳዮች ያስለመዱት ረጅም ዳቦም በዚያው ከተማ ይበላሉ። የከተማዪቱ ታሪክ በገበታዋ ላይ ይነበባል።

ይሁን እንጂ የአገሩ መሬት ደረቅና ድንጋያማ በመሆኑ ስንዴው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ከቤት መብራትም ብዙው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በሽቦ የሚደርስ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረና የጸና ገንዘብ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት በዓለም ገበያ የስንዴን ዋጋ ባናረ ጊዜ ይህ ጽናት ብቻውን መከታ ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ የአንዲት እመቤት ሊጥ የሚጀምረው ከወጥ ቤቷ ሳይሆን ከወደቡ ነው።

የመጽሐፉም ነገር ከዚህ አይለይም። በጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 የተወለደው ደራሲ አብዱራህማን ዋበሪ ስለ አገሩ የጻፈው «ጥላ የሌላት አገር» የተሰኘው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው በፓሪስ ነው። የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በብዙው ቤት የሚነገረው ግን ሶማልኛና አፋርኛ ነው። ሶማልኛ በጎረቤት ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ቢታወጅም፣ ልጅ በትምህርት ቤት የሚያነበው በአንድ ቋንቋ፣ ከአያቱ የሚሰማው ተረት በሌላ ቋንቋ ነው። እንግዲህ ንባቡና ወጉ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ እንዳይቀሩ ያሠጋል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስተዳዳሪውም ነጋዴውም ሊያስተውለው ይገባል። ዱቄት አንድ ቀን ቢዘገይ በዳቦ ቤቱ ደጅ የሚቆመው ሰልፍ ወዲያው ይመሰክራል፤ መርከቡም እንዲፈጥን ሁሉም ይጮኻል። መጽሐፍ ቢታጣ ግን ሰልፍ የሚቆም የለም፤ ጉዳቱ የሚታየው ልጁ አድጎ ከሥራ ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ነው። ስለ ሆነም ለዱቄቱ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው፣ በዚያው ጭነት መካከል ለመጽሐፍ፣ በተለይም በቤት ቋንቋ ለተጻፈው፣ ጥቂት ቦታ ቢተው ኪሳራ አይሆንበትም። የቅዝቃዜው ወራት አጭር ነው፤ ሙቀቱ ሲመለስ ምድጃውም መጽሐፉም ይዘጋልና።