ፕላዝማ ወይስ ኤልሲዲ? ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት ፊዚክስ የሚነግረን

ባለፈው ዓመት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ጠብቆኝ፣ «መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ግን የትምህርት አይደለም» አለኝ። አባቱ በደብረ ብርሃን ከተማ ባለቻቸው ሻይ ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ ለማሳየት አስበው ትልቅ ቴሌቪዥን ይፈልጋሉ። አንድ ነጋዴ ያገለገለ ባለ 50 ኢንች ፕላዝማ በአዲስ ኤልሲዲ ዋጋ እኩሌታ አቅርቦላቸዋል። ምስሉ ውብ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ነጋዴው «ሲሞቅ ይተዋል» ብሏቸዋል። የሚከፈለው ገንዘብ የቤተሰቡ የዓመት ቁጠባ በመሆኑ ልጁ ከመክፈላቸው በፊት ሊያማክረኝ ፈለገ። ጥያቄው የትምህርት አይደለም ማለቱ ግን ስሕተት ነበር፤ የነጋዴው አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃልና። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ ሰፋ አድርጎ ያቀርባል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ዛሬ ፕላዝማ የሚገዛ ሰው ያገለገለ ዕቃ መግዛቱ ነው። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ2009 ከቴሌቪዥን ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ላይ ማምረቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉት። ሆኖም በሁለቱ ስልቶች መካከል የነበረው ምርጫ ከፕላዝማ ጋር አልሞተም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የራሱን ብርሃን የሚያመነጭ ሰሌዳ ይሻላል ወይስ ከኋላው የመጣውን ብርሃን የሚከለክል?

ፕላዝማ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ፈልሳፊዎቹ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ሮበርት ዊልሰን ነበሩ። ዓላማቸው ቴሌቪዥን መሥራት አልነበረም፤ ፕላቶ ለተባለው በኮምፒዩተር የማስተማሪያ ሥርዓት ማሳያ ይፈልጉ ነበር። አሠራሩን ለመረዳት በየመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ የምናየውን የፍሎረሰንት አምፖል ማስታወስ ይበቃል። በአምፖሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ጋዙን ያነቃዋል፤ የነቃው ጋዝ ለዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይረጫል፤ በመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ፎስፈር ጨረሩን ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን ይሰጣል። የፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲህ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፖሎች በሁለት መስተዋቶች መካከል የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ስላለው ጠቅላላ ድምሩ 6,220,800 ይሆናል።

በእነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ያለው ጋዝ በዋናነት የኒዮንና የዜኖን ድብልቅ ነው። ዜኖን ከሚረጫቸው ጨረሮች አንዱ 147 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው። የፎቶኑን ጉልበት ብናሰላ ወደ 8.4 ኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። ፎስፈሩ በምትኩ የሚሰጠን ቀይ ፎቶን ግን 2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ነው። ከአንዱ ፎቶን ጉልበት ሦስት አራተኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት እጁን ዘርግቶ ያየ ሰው ይህን በቆዳው ያውቀዋል።

ሌላም ለየት ያለ ጠባይ አለው። አንዱ ክፍል ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ «ግማሽ መብራት» የሚባል ነገር አያውቅም። ታዲያ ግራጫ ቀለም ከየት ይመጣል? መልሱ በፍጥነት ብልጭ ድርግም በማለት ነው። የአንድ ምስል ዕድሜ በስምንት ንዑስ ጊዜያት ተከፍሎ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 128 የሚደርስ የብልጭታ ብዛት ቢመደብላቸው፣ የትኞቹ እንደሚበሩ በመምረጥ 256 የብርሃን ደረጃዎች ይገኛሉ። ዓይናችን ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ ለመለየት ስለማይችል አማካያቸውን ያያል። ይህን የብልጭታ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ሻይ ቤቱ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ኤልሲዲ፣ ማለትም የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ፣ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከአንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ፍሪድሪክ ራይኒትሰር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ከኮሌስትሮል የተገኘ አንድ ውሕድ ሲያሞቅ ሁለት የመቅለጫ ነጥቦች ያሉት ሆኖ አገኘው። በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ጠራ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦቶ ሌማን ደፍራሳው ፈሳሽ እንደ ፈሳሽ እየፈሰሰ እንደ ክሪስታል ሥርዓት ያለው መሆኑን አስረዳ። ግኝቱ ማሳያ ሆኖ ለሕዝብ የቀረበው ከ80 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አርሲኤ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የጆርጅ ሃይልማየር ቡድን በሠራው ሥራ ነው።

ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ አይበራም። ከኋላው ሁልጊዜ የበራ መብራት አለ። ብርሃኑ በመጀመሪያ በፖላራይዘር ውስጥ ሲያልፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገበው ይቀራል፤ ከፊት ደግሞ አቅጣጫው ከመጀመሪያው ጋር የተሰናሰለ፣ በ90 ዲግሪ የዞረ ሁለተኛ ፖላራይዘር ተቀምጧል። በሸንበቆ አጥር ቀዳዳ ገመድ አሳልፈን ብንወዘውዘው፣ ቁመታዊው ሞገድ በቋሚዎቹ ሸንበቆዎች መካከል ያልፋል፤ ሸንበቆዎቹ አግድም ቢሆኑ ግን ይታገታል። በሁለቱ መካከል ያሉት የክሪስታል ሞለኪውሎች የብርሃኑን አቅጣጫ ሊያዞሩ ስለሚችሉ፣ በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ አሰላለፋቸውን ስንቀይር የሚያልፈውን የብርሃን መጠን እንወስናለን። በአጭሩ፣ ኤልሲዲ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መጋረጃዎች ያሉት መስኮት ነው።

መጋረጃ ደግሞ ሁለት ችግሮች አሉት። አንደኛ፣ ብርሃን ያባክናል፤ የመጀመሪያው ፖላራይዘር እኩሌታውን ይበላል፣ ከቀሪው የቀለም ማጣሪያው ሁለት ሦስተኛውን ያስቀራል፣ ሌሎቹ ንጣፎችም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በመጨረሻ ነጭ ምስል በሚታይበት ጊዜ እንኳ ከኋላ ከተነሣው ብርሃን ከመቶ አሥር እጅ ያነሰው ነው ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው። ሁለተኛ፣ የትኛውም መጋረጃ ጥቂት ያሾልካል። ስለዚህ በኤልሲዲ ላይ የሌሊት ትዕይንት ስንመለከት ጥቁር መሆን የነበረበት ሰማይ ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ወደ ጎን ዞር ብሎ ለሚመለከትም ብርሃኑ ሞለኪውሎቹን በሌላ ማዕዘን ስለሚያቋርጥ ቀለሙ ይደበዝዛል።

በዚህ ረገድ ፕላዝማ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ጥቁሩ ጥልቅ፣ ከጎን ሲታይ የማይለወጥ፣ ፈጣን እንቅስቃሴ የማያደበዝዝ ነበር። ታዲያ ለምን ተሸነፈ? ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ይመስለኛል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን በተሰቀሉበት አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መደብሩ በብርሃን የተጥለቀለቀ ነበር። የፕላዝማው መስተዋት የጣሪያውን መብራት እንደ መስተዋት መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ኤልሲዲው ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ደምቆ ይታይ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ወደ ደማቁ ይሄዳል። ያን ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ቢያስገቡት ኖሮ ፍርዱ የሚገለበጥ ይመስለኛል፤ ቴሌቪዥን የምናየው ሳሎናችን ውስጥ ሆኖ ሳለ የምንመርጠው በመደብሩ ብርሃን መሆኑ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በእርግጥ መደብሩ ብቻውን አላሸነፈውም። ኤልሲዲ ከእጅ ስልክ እስከ ትልቅ ሰሌዳ በአንድ ስልት ስለሚሠራ ዋጋው በፍጥነት ወረደ፤ ፕላዝማ ግን ክፍሎቹን እጅግ ማሳነስ ስለሚከብደው ከትልልቅ ቴሌቪዥኖች አልወጣም።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ።

በፕላዝማ ክፍሎች ውስጥ ያለው ጋዝ ከባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት ባነሰ ግፊት፣ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ የታሸገ ነው። በባሕር ወለል የውጭው ግፊት 760 ነው። ስለዚህ 260 የሚሆነው ልዩነት ሁለቱን መስተዋቶች በመካከላቸው ባሉት ጥቃቅን ግድግዳዎች ላይ አጥብቆ ይጫናቸዋል። የባለ 50 ኢንች ሰሌዳ ስፋት 0.69 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጫናው ወደ 24 ኩንታል ክብደት ይጠጋል። መስተዋቱ ሊንቀሳቀስ አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 570 ያህል ነው፤ ልዩነቱ ወደ 70፣ ጫናውም ወደ ስድስት ኩንታል ተኩል ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የውጭው ግፊት 537 ያህል፣ ልዩነቱ 37፣ ጫናው ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው።

በልብ ይያዝልኝ ያልኩት ብልጭታ እዚህ ይመጣል። የብልጭታዎቹ ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ምት መስተዋቶቹን በትንሹ ይስባል፣ ይለቃል። ምቶቹ በንዑስ ጊዜያት ስለሚሰባሰቡ ቅኝታቸው ጆሯችን በሚሰማው ክልል ውስጥ ይወድቃል። መስተዋቱ አጥብቆ ሲጫን ድምፁ ይታፈናል፤ ሲላላ ግን ሰሌዳው እንደ ከበሮ ቆዳ ይንቀጠቀጣል። ምስሉ በደመቀ ቁጥር ብልጭታው ስለሚበዛ ጩኸቱም ይጨምራል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው የከፍታ ገደብ ይጽፉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ ያገለገለ ዕቃ ከነመመሪያው አይመጣም።

«ሲሞቅ ይተዋል» የሚለውስ? በታሸገ ቦታ ውስጥ ያለ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ከፍጹማዊ ሙቀቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ሰሌዳው ከ300 ወደ 320 ኬልቪን ቢሞቅ የውስጡ ግፊት ከ500 ወደ 533 ይወጣል። የውጭው 537 መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ መስተዋቱን የሚጫነው ነገር አይኖርም። ነጋዴው ሆን ብሎ ዋሽቷል አልልም፤ ነገር ግን የተናገረው ከሚሆነው ተቃራኒ ነው። ተማሪዬ ይህን በወረቀት ላይ ሠርቶ ለአባቱ ወሰደላቸው። አባትየውም መሣሪያው አንድ ሰዓት እንዲበራ አስደርገው ቁጭ ብለው አዳመጡ፤ ጩኸቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ኤልሲዲ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ እንጂ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ አይደለም።

የኤሌክትሪኩም ነገር ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረ ባለ 50 ኢንች ፕላዝማ ደማቅ ምስል ሲያሳይ ከ300 ዋት በላይ መሳቡ የተለመደ ነበር። 350 ዋት ብንወስድና ሻይ ቤቱ በቀን ስድስት ሰዓት ቢያሳይ በወር 63 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 100 ዋት ለሚስብ ዘመናዊ ኤልሲዲ 18 ብቻ ነው። ያገለገለ ፕላዝማ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ደግሞ ሙሉ ነጭ ምስል አስከፍቶ ሰሌዳውን በጥንቃቄ ይመልከት። ለብዙ ሰዓታት በአንድ ቦታ የቆየ የጣቢያ ምልክት ወይም የጨዋታ ውጤት መግለጫ ፎስፈሩን ስለሚያስረጅ ጥላው ለዘለቄታው ይቀራል፤ የማይጠገን ጉዳት ነው።

በመደብር «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» ተብሎ የሚሸጠው ሦስተኛ ዓይነት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ኤልሲዲው ራሱ ነው፤ የተለወጠው የኋላው መብራት ነው። ቀድሞ ሜርኩሪ ያለባቸው ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎች ነበሩ፤ አሁን ነጭ ኤልኢዲዎች ናቸው። ነጭ ኤልኢዲ እንዲገኝ ያደረገው ሰማያዊው ኤልኢዲ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተቀብለዋል፤ ሳምሰንግና ኤልጂ ፕላዝማን በተሰናበቱበት በዚያው ዓመት። «ኪውሌድ» የሚባለውም ኤልሲዲ ነው። እውነተኛው የፕላዝማ ወራሽ «ኦሌድ» ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ ጥቁሩም ፍጹም ጥቁር ነው። ውርሱ ግን ከነዕዳው ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የቆመ ምስል በእርሱም ላይ ጥላ ሊተው ይችላል።

ስለ ነጥቦች ብዛት አብዝቶ መጨነቅም አያስፈልግም። ጤነኛ ዓይን የሚለየው አንድ የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነው። በባለ 50 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.58 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከሁለት ሜትር አልፎ የተቀመጠ ተመልካች ነጥቦቹን መለየት ያቅተዋል። በሻይ ቤቱ ቅርቡ ወንበር ሦስት ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ጥራት መክፈል ለማይታይ ነገር መክፈል ነው። ይልቅ ከጎን ለሚቀመጡት ደንበኞች መጨነቅ ይገባል። ስለዚህ ገዢው በመደብሩ ውስጥ ወደ ጥግ ሄዶ፣ ጨለማ ትዕይንት አስከፍቶ፣ ከዚያ ሆኖ ቢመለከት ከማንኛውም የካርቶን ላይ ቁጥር የበለጠ ይማራል።

አባትየው በመጨረሻ ባለ 43 ኢንች አዲስ ኤልሲዲ ገዙ። ከሚፈልጉት ያነሰ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጡ ደንበኞችም አልፎ አልፎ ያጉረመርማሉ ብሎኛል ተማሪዬ። ፕላዝማውን ደግሞ አንድ የሸዋ ሮቢት ሰው ገዝቶ ቁልቁል ይዞት ወረደ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጫናው ተመልሶ ወደ 14 ኩንታል ይደርሳል። ተማሪዬ ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ ሰውየው «የምን ጩኸት?» አለው።