ሥዕሉ ካለቀ በኋላ

በጅማ ዞን በምትገኘው አሰንዳቦ ውስጥ ቡና የሚነግድ ሰው ቡናው እርጥበት ከበዛበት ምን እንደሚገጥመው፣ «ጅማ 5» ተብሎ ሲመደብ ከዋጋው ምን እንደሚጎድል፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ማን ምን ያህል እንደሚቆርጥለት አብጠርጥሮ ያውቃል። እዚያው ከተማ ታፔላ የሚጽፍ፣ የጁስ ቤት ግድግዳ ላይ ማንጎና አቮካዶ የሚሥል ወጣት ግን የሥራው ዋጋ ስንት ነው ቢባል የሰጡትን ተቀብሎ ከመሄድ ሌላ መልስ የለውም። ባነር በኮምፒውተር መታተም ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሚሰጡትም ቀንሷል።

ይህ የገጠር ከተማ ችግር ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ላይ ሥዕል መሥራት አንድ ነገር፣ ሠርቶ ማሳየትና መሸጥ ሌላ ነገር ነው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ ሠዓሊ በማፍራት ማንም አይወዳደረውም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው አስተምረውበታል። ታደሰ መስፍን ለአሥርተ ዓመታት ያሠለጠኗቸው ተማሪዎች ዛሬ በየአገሩ አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሥራዎቹን አቀረበ። የአውደ ርእዩ አዘጋጅ ደግሞ ሠዓሊ ሳይሆን ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ይህን ልብ ይሏል! አውደ ርእይ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሙያው በአገራችን በአብዛኛው የሚለመደው በሥራ ላይ ነው። የአውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት የዞማ የሥነ ጥበብ ማዕከል፣ ከ17 ዓመት በኋላ በጭቃና በጭድ የተገነባ ሙዚየም እስኪሆን ድረስ፣ ለብዙ ወጣቶች እንደ ትምህርት ቤት ነበር። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የኦላፉር ኤሊያሰንን፣ በዓመቱ ደግሞ የጁሊ ምህረቱን ሥራ ለአዲስ አበባ ተመልካች ሲያቀርቡ፣ ተማሪ የዓለም ስም ያለውን ሥራ በመጽሐፍ ሳይሆን ቆሞ አየ፤ ሥራው እንዴት እንደተሰቀለ፣ ከምን ጎን እንደተቀመጠ ጭምር። ችግሩ ይህ ሁሉ ዕድል አዲስ አበባ ላይ መከማቸቱ ነው። ከአሰንዳቦ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ለሥዕሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለመተዋወቁ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የሚያስፈልገው ትምህርት ግን ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አንድ ወጣት ሥዕሉን ጋለሪ ውስጥ በአደራ ሲያስቀምጥ እጁ ላይ አንድ ወረቀት ሊኖር ይገባል፦ የሥዕሉ ርእስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ሸራም ይሁን ወረቀት፣ ቁመትና ወርዱ በሴንቲ ሜትር፣ የመሸጫ ዋጋው፣ የጋለሪው ድርሻ፣ ካልተሸጠ የሚመለስበት ቀን፣ እዚያ ሳለ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል። የጋለሪ ድርሻ በውጭው ዓለም ብዙ ጊዜ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ልጅ ሲነገረው የተዘረፈ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን ለግማሹ ምን እንደሚደረግለት፣ ካታሎግ ይታተም እንደሆነ፣ ገዢ ይጠራ እንደሆነ ይጠይቃል። ሥዕሉን ከቤቱ ሳያወጣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ማንሳትና በደብተር መመዝገብም እንደዚያው ነው። የሸጠውን ሥዕል ማን እንደወሰደው የማያስታውስ ሠዓሊ ሞልቷል፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሥራዎቹን አሰባስቦ ማሳየት ሲፈልግ የት ይፈልጋቸው?

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊን የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሸራውን የገዛ ሰው ሸራውን ገዛ እንጂ ምስሉን በቲሸርት ላይ የማተም ፈቃድ አልገዛም። የጁስ ቤቱን ማንጎ ፎቶ አንስቶ በባነር ያተመው ጎረቤት ግን ይህን ሰምቶ አያውቅም፤ የሣለውም ልጅ እንዲሁ።

ማሳየትን ለመማር ደግሞ ጅማ ራሷ ከማንም አታንስም። ጅሬን ላይ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ሙዚየም አለ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆመውን የጅማ በርጩማ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ከጎኑ በአምስት መስመር ምን ይጻፍ ማለት፣ ሙሉ የመጀመሪያ ሴሚስተር የሚያስተምር ጥያቄ ነው። እንጨቱ ምንድነው? ማን ተቀመጠበት? የፈለፈለው ሰው ስምስ? የንጉሡ ዕቃ ሆኖ ይቅረብ ወይስ የአናጢው ሥራ? በርጩማው ያው ነው፤ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ታሪክ ግን በዚህ ምርጫ ይለያያል። አዘጋጅ የሚባለው ሰው ደመወዝ የሚበላው ለዚህ ነው፤ ምስማር መምታቱ ትርፍ ሥራው ነው።

ለአሰንዳቦ ጋለሪ ይከፈት የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ተከፍቶ መዘጋቱ አይቀርም። ትምህርት ቤት ግን አለ፤ የእይታ ጥበብ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ገብቷል፤ የወላጆች ቀንም በየዓመቱ ይከበራል። በዚያ ቀን የልጆቹ ሥዕል እንደተገኘ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ከሚለጠፍ፣ አራት ተማሪዎች ተመድበው ከ40 ሥዕል 10 ይምረጡ፤ የሥዕሉ መካከል ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ ገደማ ላይ እንዲውል ለክተው ይስቀሉ፤ ስም፣ ርእስና ዋጋ ይጻፉ። ሥዕሉ ያልተመረጠለት ልጅ መቆጣቱ አይቀርም፤ ለእሱም ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይስጡት።