በሁለተኛ ደረጃ የንግድ መንገዶች የሱቆች ባዶ መሆን፦ ከካፋ ዞን ከተሞች አንጻር

በብዙ ከተሞች ዋናው ጎዳና በገበያተኛ ሲጨናነቅ፣ ከእሱ ጥቂት ገባ ብሎ ባለው መንገድ ላይ የሱቅ በሮች ተቆልፈው ይታያሉ። ይህን ዓይነቱን መንገድ የከተማ ጥናት ሁለተኛ ደረጃ የንግድ መንገድ ይለዋል። የሱቆቹ ባዶ መሆን አብዛኛውን ጊዜ በተከራይ እጥረት ይገለጻል። ነገር ግን ችግሩን በቅርብ ለሚመለከት፣ ሱቅ የሚዘጋው በአመዛኙ ኪራይ የሚጠየቅበት ጊዜና ገንዘብ ወደ ከተማው የሚገባበት ጊዜ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው።

የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቢታ ገነት ለዚህ ግንዛቤ ጥሩ መነሻ ትሆናለች። በእንደዚህ ያሉ የወረዳ ከተሞች ንግድ የሚደምቀው በሳምንታዊው የገበያ ቀን ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ገቢም በቡና፣ በማርና በኮረሪማ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከዓመቱ ወራት እኩል አይደርስም፤ የቡናው ገንዘብ በዋናነት የሚገኘው በመኸር ወራት ነው። የሱቅ ኪራይ ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚከፈል ነው፤ አንዳንዴም የብዙ ወራት ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቅበታል። በዋናው መንገድ ያለ ነጋዴ መንገደኛው ስለሚደግፈው ክረምቱን ይሻገራል። በውስጥ መንገድ ያለው ግን የገበያ ቀን ሸማችን ብቻ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ከሱቅ ይልቅ በገበያው ውስጥ መደብ መያዝ ይሻለዋል።

የቦንጋ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ሲመሠረት፣ ቦንጋ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ ስለሚገባ ወርሃዊ ኪራይን ለመሸከም ያመቻል። በአንጻሩ የከተማ ዕድገት ተስፋ ራሱ አከራዩ ከመንገዱ አቅም በላይ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ሁለት ከተሞች እንኳን በአንድ መፍትሔ አይታከሙም።

የአዲስ አበባ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ተመሠረተ። የፒያሳ መንገዶች ግን ባዷቸውን አልቀሩም፤ ወርቅ ቤቶች፣ ሲኒማዎችና ካፌዎች ሌላ ደንበኛ ሰበሰቡላቸው። በተቃራኒው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ምድር ወለል የተሠሩ ሱቆች የተሸጡት በጨረታ ነው። በውድ ዋጋ የገዛ ባለቤት የከፈለውን የሚመልስለት ኪራይ እስኪያገኝ ሱቁን ዘግቶ መጠበቅ ይቀናዋል።

ዘግቶ መጠበቅ የሚቻለው ግን ባዶነት ለባለቤቱ ወጪ ስለማያስከትል ነው። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈለው ገቢ ሲኖር ነው። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ባለቤትነትን መሠረት ስለሚያደርግ፣ በከተሞች በተግባር ሲውል ይህን ስሌት ሊለውጠው ይችላል። የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም። ስለሆነም የሱቅ ኪራይ መጠንና የክፍያ ጊዜ በአብዛኛው ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተተወ ነው፤ ይህም ለአዲስ ዓይነት ውል በር ይከፍታል።

የመጀመሪያው እርምጃ ባዶ ሱቆችን በዓይነታቸው መለየት ነው። ተከራይ በመቀያየር ላይ ያለው፣ ዋጋ እየጠበቀ የተዘጋው፣ እንዲሁም በመጋዘንነት የሚያገለግለው ሱቅ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሹም። ሁለተኛው፣ በመኸር ወራት ከፍ፣ በክረምት ዝቅ የሚል ኪራይ በውል ማስፈር ነው። ሦስተኛው፣ ሰፊውን ሱቅ ከፋፍሎ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ማከራየት ነው። አራተኛው፣ ከገበያ ቀን ውጭ ሰው የሚስቡ አገልግሎቶችን፣ ለምሳሌ ክሊኒክን፣ የቁጠባና ብድር ተቋምን ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤትን በውስጥ መንገድ ማስቀመጥ ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በ24 ወራት ውስጥ ከ365 ቀናት በላይ ባዶ የቆየ ሱቅን የኪራይ መብት በጨረታ እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላቸዋል። ይህ አሠራር ዋጋ እየጠበቀ ለሚዘጋ ሱቅ ጠቃሚ ነው። ሸማች በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚገኝበት መንገድ ግን ተጫራች ላይገኝ ይችላል።

ጉዳዩ በኮሪደር ልማት ዘመን ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ከዋና ጎዳና ዳር የሚነሳ ነጋዴ ወደ ውስጥ መንገድ ሲዛወር፣ ሱቅ ቢያገኝም ደንበኛውን ይዞት አይሄድም። ስለዚህ ማንኛውም የማዛወር ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት በታሰበው መንገድ ላይ የእግረኛ ቆጠራ ሊደረግ ይገባል፤ ቆጠራውም አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ ከገበያ ቀን ውጭ፣ በመኸርም በክረምትም መሆን አለበት። በአራቱ ቆጠራዎች መካከል የሚታየው ልዩነት መንገዱ ምን ዓይነት ንግድና ምን ያህል ኪራይ ሊሸከም እንደሚችል ያመለክታል።