የዓርብ ጉባኤ በኾባር

ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚሲዮናዊ ቪዛ አትሰጥም፤ የቆመ ቤተ ክርስቲያንም በአገሪቱ የለም። ስለዚህ በምሥራቁ ጠረፍ በኾባር ወይም በደማም ቃሉን የሚያስተምር ሐበሻ ቢኖር ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ የተጻፈው ሙያ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ ሾፌር ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። ሚስትና ልጅ ይዞ የሚኖረው ከእነዚህም ጥቂቱ ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ሲመሽ ኮርኒሹ (የባሕር ዳር መንገዱ) ላይ ያንሸራሽራቸዋል። አገልጋይነቱ የሚታወቀው ዓርብ ነው፤ ያውም ለሚያውቁት ብቻ።

ዓርብ የአገሩ ዕረፍት ነው፤ እሑድ ሥራ ይገባል። እስከ 2013 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሰው የሚያርፈው ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ዓርብና ቅዳሜ ተዛወረ። የእሑድን ጸሎት ዓርብ ማድረስ አዲስ ለመጣ ሰው ግር ይላል። ሲከርም ይለመዳል።

ጉባኤው የሚሰበሰበው ሳሎን ውስጥ ነው። ቤቱ ባለትዳሮች የተከራዩት ነው፤ አለዚያም ከአሠሪ ቤት ውጭ የሚኖሩ ሴቶች አዋጥተው የያዙት። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ጊዜ እየሰጠ ይገባል። በር ላይ የተደረደረ ጫማ ብዙ ስለሚናገር እያንዳንዱ ጫማውን በፌስታል ይዞ ያልፋል። አባያ ሲወልቅ ከሥሩ ነጠላ ብቅ ይላል። ከበሮ የለም። ጭብጨባው በሁለት ጣት መዳፍን መታ መታ ማድረግ ነው፤ እልልታው ከንፈር ላይ ይቀራል። ኤሲው እስከ መጨረሻ ይከፈታል፤ የኾባርን ሙቀት የሚያውቅ ጎረቤት በኤሲ ድምፅ አይጠረጥርም። ቡናም ይፈላል። ቡናው የእውነት ቡና ነው፤ ድንገት በር ቢንኳኳ ግን ምክንያት ሆኖ ይቀርባል።

ጥንቃቄው ያለ ነገር አልመጣም። መንግሥት ሙስሊም ያልሆነ ሰው በቤቱ በግሉ ቢጸልይ አልከለክልም ይላል፤ ስንት ሰው ሲሰበሰብ የግልነቱ እንደሚያበቃ ግን አልተጻፈም። በ2011 መጨረሻ ጅዳ ውስጥ ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። የቀረበባቸው ክስ ወንድና ሴት ተቀላቅላችኋል የሚል ነበር። ወራት ታስረው በ2012 ወደ አገር ተመለሱ። በየካቲት 2013 ደግሞ እዚሁ ደማም በአንድ መኖሪያ ቤት 53 ኢትዮጵያውያን ታሰሩ፤ አሁንም አብዛኞቹ ሴቶች። በ2016 ሙጣወዓ የሚባለው የሃይማኖት ፖሊስ ሰው የማሳደድና የማሰር ሥልጣኑን ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቀለል ብሏል። ያልተጻፈው ግን ዛሬም አልተጻፈም፤ ለሙስሊም መስበክም እንደ ድሮው ያስከስሳል። ስለዚህ ጉባኤው የሚያስተምረው የራሱን ልጆች ብቻ ነው።

በውጭ የሚወጡት ዘገባዎች ይህን ጉባኤ የሚያነሡት ሰው ሲታሰር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከጉባኤው ሹርጣ (ፖሊስ) ካስቀረው ሰው ማዳም (አሠሪዋ) ያስቀረችው ይበልጣል። በምሥራቁ ጠረፍ «ወጣቶች» ሲባል በብዛት በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ በኮንትራት መጥተው በሰው ቤት የሚያድሩ ሴቶች ናቸው። ልጆች ከመቀስቀስ እስከ እኩለ ሌሊት ሳህን ማጠብ ድረስ እግራቸው አያርፍም። ዓርብ ደግሞ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት ቀን ነውና ሥራው ይብስባቸዋል። አንዳንዷ ኮንትራቷን ስትጨርስ ከግቢው ብቻዋን ወጥታ አታውቅም።

ስለዚህ የወጣቶች አገልግሎት የሚባለው ነገር ዋናው ክፍል የሚካሄደው በስልክ ነው። የመሐንዲሱ ሚስት ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ወጥ ቤት ገብታ በቴሌግራም የመጡላትን የድምፅ መልእክቶች ታዳምጣለች። አንዷ ስለ መዝሙረ ዳዊት ትጠይቃለች። ሌላዋ ደመወዜን ሦስት ወር ከለከሉኝ ትላለች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትናገር ለረጅም ጊዜ አልቅሳ ቀረጻውን ዘግታዋለች። የስብከት ትምህርት የቀመሰ ሰው እዚህ ጋ ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው ኮንትራት ማንበብ የሚችል፣ ኤምባሲው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሪያድ እንዳለ የሚያስታውስ፣ «ከቤት አትጥፊ፣ መጀመሪያ ወረቀትሽን አስቢ» ብሎ ደፍሮ የሚመክር ነው። ደመወዝሽን ሁሉ አትላኪ፣ ለራስሽም አስቀምጪ የሚለው ምክር ከማንኛውም ስብከት በላይ ሲደጋገም ይሰማል። ከስብከቱም የሚያንስ ነገር አይመስለኝም።

ጾሙ ሌላ ነው። በ2024 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ ሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2። የዚያን ጊዜ ቀን ላይ ያለመብላት ማንንም አላስገረመም። ጭንቁ የመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ልጅቱ ራሷ የጠበሰችውን የሥጋ ሳምቡሳ ማዳም በደግነት «ብዪ እንጂ» ብላ ስታቀርብላት ምን ትበል? ቴምሩንና ውኃውን ወስዳ፣ ጨጓራዬን ያመኛል ትላለች። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጨጓራ ማመም ብልሃት ይጠይቃል።

ጴንጤዎቹና ኦርቶዶክሶቹ የሚለያዩት ደግሞ ለጸሎት በሚያስፈልጋቸው ነገር ነው። የጴንጤው ኅብረት መጽሐፍ ቅዱስና የሚጸልይ ሰው ካገኘ ሙሉ ነው። ኦርቶዶክሱ ግን ያለ ታቦትና ያለ ካህን ቅዳሴ የለውም፤ ያለው ውዳሴ ማርያም፣ መዝሙርና አገር ቤት ያለ የንስሐ አባት ስልክ ቁጥር ነው። ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ይከብዳል፤ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን መጠመቅ አለባቸው፤ የሚያጠምቅስ ከየት ይመጣል?

ይህ ጠረፍ ግን ክርስትና ባዕድ የሆነበት አገር አልነበረም። ከደማም በስተሰሜን ጁበይል አጠገብ በ1986 የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኝቷል፤ ለረጅም ጊዜም ለጎብኚ ዝግ ነበር። ቀጢፍ ፊት ለፊት ባለችው በታሩት ደሴት፣ ዳሪን በምትባለው ስፍራ፣ በ676 የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ሲኖዶስ ተቀምጠውባታል። ያን ጊዜ አካባቢው ከኳታር ጋር ተዳብሎ ቤት ቀጥራዬ ይባል ነበር። ሲኖዶሱን የጠራው ፓትርያርክ ጊዮርጊስ ከዚሁ አገር ይስሐቅ የሚባል መነኩሴ ወስዶ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ እሱም በአምስት ወሩ ሹመቱን ጥሎ ወደ በረሃ ተመለሰ። የኛ መነኮሳት ከሚያነቧቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የእሱ ነው፤ ማር ይስሐቅ። ሁለተኛው ፊልክስዩስም፣ ሊቃውንት መርምረው እንደደረሱበት፣ የዚያው አገር ሰው የዳዲሾዕ ሥራ ነው። የዋልድባ መነኩሴ በግዕዝ የሚያነበው መጽሐፍ ደራሲ ኾባር ዛሬ ባለችበት ጠረፍ አገር ተወልዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ለዓርብ ጉባኤ ልጆች ሲነግሯቸው መጀመሪያ አያምኑም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን ግን ባሕሩን ተሻግረው እዚህ መኖር አልተፈቀደላቸውም። አሜሪካዊው ሳሙኤል ዝዌመርና ጓደኞቹ መቀመጫቸውን ባሕሬን አድርገው በ1903 ሆስፒታል ከፈቱ፤ በቀጣዩ ዓመት የዝዌመር ሁለት ሴት ልጆች በቀናት ልዩነት እዚያው ሞቱ። ሐኪሞቻቸው ወደ ቀጢፍ፣ ወደ ሐሳ፣ በኋላም ወደ ሪያድ ሲጠሩ ይሄዱና አክመው ይመለሱ ነበር።

ልጁን ለማስጠመቅ ለሚፈልግ ባሕሬን አሁንም መፍትሔ ናት። በ1986 የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ከኾባር ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ላይ ይሄዳል። በዚያ ማዶ የካቶሊክ፣ የአንግሊካንና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በእምነት ከኛ ጋር አንድ የሆኑት የህንድ ኦርቶዶክሶችም መናማ ውስጥ ካቴድራል አላቸው። መኪናና ወረቀት ያለው ቤተሰብ ቅዳሜ ልጁን ይዞ ሄዶ ማታ መመለስ ይችላል። ሳዑዲ በ2021 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ከአገር እንዲወጣና እንዲገባ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አድርጋለች። ስለዚህ የዓርቡን ጉባኤ በቁጥር የሚሞሉት ሴቶች ድልድዩን የሚያዩት ከኮርኒሹ ነው፤ ለመቁረብ ሁለት ዓመቱን ኮንትራት ጨርሰው አገር ቤት መግባት አለባቸው።