መልኩን የሚለዋውጥ ጭራቅ፦ እንዴት ይጫወቱታል? ምንስ ያስወጣል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዕቁብ ቀን ነው እንበል። የዕቁቡ ዳኛ በየበሩ እያንኳኳ ብር ይሰበስባል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ከፍለው በሩን ዘጉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያው ዳኛ ተመልሶ መጣና «የዕቁቡን ብር ልቀበል» አለ። ፊቱ የዳኛው ነው፤ ድምፁም የእሱ ነው። ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው ነው?

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ምሽት ይወስዳል። መልክ የሚለዋውጠው ጭራቅ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ጥርጣሬ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ከሁሉ የታወቀው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ፈጥረውት በ1966 ዓ.ም. ታተመ። ከአራት እስከ ስድስት ሰው አብሮ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ቦታውን፣ የመንደሩን ሰዎችና ጭራቆቹን የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፦ ወታደር፣ ካህን፣ ሌባ ወይም አስማተኛ። «በሩን እከፍታለሁ» ስትሉ ተራኪው ከበሩ ኋላ ያለውን ይነግራችኋል። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ዳይስ ማለት ሉዶ ላይ የምትጥሏት ባለ ነጥብ ቁራጭ ናት፤ የዚህ ጨዋታ ዋናው ዳይስ ግን 20 ገጽ አለው።

ለጀማሪ ተራኪ የሚመቸው መልክ ለዋጭ ዶፕልጋንገር የሚባለው ነው። ያየውን ሰው መልክ ይወስዳል። ለዚህ አንድ ተራ ብቻ ይበቃዋል፤ ተራ ማለት በጨዋታው ውስጥ 6 ሰከንድ ያህል ነው። ሲሞት ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል።

ድክመቱ ልብሱ ላይ ነው። ሰውነቱ ይለወጣል እንጂ የለበሰውና የያዘው ነገር አይለወጥም። ስለዚህ ጎበዝ ተራኪ ሲተርክ ጫማውን በጨረፍታ ይጠቅሳል፤ የዳኛው ፊት ነው፣ እግሩ ላይ ያለው ግን የዳኛው ጫማ አይደለም። ተጫዋቾቹ ይህን ከሰሙ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

ታዲያ የሁለታችን ብቻ የሆነ ምስጢር ብንጠይቀውስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። ችግሩ ጭራቁ 18 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያለን ሰው የወቅት ሐሳብ ያነባል። «የልጄ የክርስትና ስም ማን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱ በእናንተው አእምሮ ብልጭ ይላል፤ እሱም ከዚያ ያነሳዋል። መልሱን እናንተ ራሳችሁ የማታውቁትን ነገር ጠይቁትና በኋላ ከሌላ ሰው አጣሩ። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው።

ግድግዳ ይጋርደናል የሚልም አለ። ሕጉ 90 ሳንቲ ሜትር እንጨት ወይም አፈር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ብረት ወይም ስስ የእርሳስ ማዕድን ንጣፍ ሐሳብ ማንበቡን ይገታል ይላል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የቆርቆሮ አጥርም፣ የጭቃ ግድግዳም አይበቃም። ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ሐሳባችሁን ያነባል ማለት ነው። ታሪኩን ልደታ ላይ ማድረግን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቤቶቹ ተጠጋግተዋልና ጭራቁ ለመስማት ቅርብ ነው።

ዓይን ዓይኑን አይቶ ውሸቱን መለየትስ? ይቻላል፣ ግን ይከብዳል። ጭራቁ ሲዋሽ ዳይስ ጥሎ 6 ይጨምራል። ሰው በማወቅ ደህና የሆነ ገጸ ባሕርይ 3 ይጨምራል እንበል። ሲሰላ ተጫዋቹ የሚያሸንፈው ከሦስት ሙከራ አንዱን ያህል ነው።

ድብድብ ከተነሳ ደግሞ ዋናው ነገር ማን ቀደመ ነው። ጭራቁ 52 የሕይወት ነጥብ አለው፤ የሕይወት ነጥብ ማለት ከመውደቁ በፊት የሚችለው የምት ልክ ነው። ሳታውቁ ከመታችሁ በመጀመሪያው ዙር አንዷ ምቱ በአማካይ ወደ 17 ነጥብ ትወስዳለች። ጀማሪ ወታደር ያለው 12 አካባቢ ስለሆነ በአንድ ምት ይወድቃል። አራት ጀማሪዎች ላይ እንዳትለቁት። ሦስተኛ ደረጃ ሲደርሱ አምጡት፤ ያኔ ከባድም ቢሆን ፍትሐዊ ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ባዕድ ጭራቅ ነው። እኛ አገር ግን መልክ መለወጥ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጅብን ነው። ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ያልሰማ ልጅ አይገኝም። ወሬው ከአገራችን ውጭም የቆየ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት፣ ጅብ የሰው ድምፅ እያስመሰለ እረኛን በስሙ ጠርቶ ከቤት ያስወጣል ይባላል ብሎ ጽፏል። የሰማውን ነው የጻፈው። ለተራኪ ግን ይህች ውብ መክፈቻ ናት፦ ከደጅ በስም የሚጠራ ድምፅ።

በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ተኩላ የሚሆንበት ጭራቅ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ተኩላውን በጅብ ተኩት፤ ቁጥሮቹን መንካት አያስፈልግም። ይህ ጭራቅ ተራ መሣሪያ አይሰማውም። በብር የተለበጠ ወይም አስማት ያለበት መሣሪያ ብቻ ይጎዳዋል። የነከሰው ሰው ዳይስ ጥሎ 12 ካልሞላ እርግማኑ ይጋባበታል። እርግማኑን የሚያነሳው አስማት አለ፤ ካህን ግን አምስተኛ ደረጃ ሳይደርስ አይችለውም።

ወጪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎራዴ በብር ማስለበጥ 100 የወርቅ ሳንቲም ያስከፍላል። በዚያው 100 ወርቅ አሥር የቀስት ፍላጻ ይለበጣል። ጀማሪ ገጸ ባሕርይ ደግሞ በተለመደው አጀማመር 15 ወርቅ አካባቢ ይዞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ገንዘብ ማዋጣት ግድ ይሆናል፤ አንድ ጎራዴ ይሻላል ወይስ አሥር ፍላጻ ብሎ መከራከርም አይቀርም። ከድብድቡ ይልቅ ይህ ክርክር ደስ ይለኛል።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር ልምጣ። ጭራቁን «ቡዳ» ብለን እንጥራው? እኔ አትጥሩት እላለሁ። ያ ስም በጨዋታ ውስጥ አልኖረም፤ በሕያዋን ሰዎች ላይ ተለጥፎ ነው የኖረው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ተፈርተዋል፣ ተገልለዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል። ሐጋር ሰሎሞን የተባለች ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1999 ስለ ቤተ እስራኤላውያን ያሳተመችውን መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» ብላ የሰየመችው ከዚህ እምነት ተነስታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። አብሯችሁ ከሚጫወቱት አንዱ አያቱ በዚህ ስም የተሰደቡ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እርግማኑ ከዘር ወይም ከሙያ አይምጣ፤ ከንክሻ ይምጣ። ያኔ ነጋዴውንም፣ ዳኛውንም፣ ወታደሩንም ሊይዝ ይችላል። አንጥረኛውን ደግሞ ትልቅ ሰው አድርጉት። ያለ እሱ ብር የሚለብጥላችሁ የለም፤ መንደሩ ጠዋት የሚነሳው እሱ ሌሊቱን ስለሠራ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ተራኪው ታሪኩ ስለ ጅብ መሆኑን ይናገር፤ የማይመቸው ካለ ዶፕልጋንገሩን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ።

በእውነተኛው ብርስ ምን ያህል ያስወጣል? ከምታስቡት በታች ነው። አሳታሚው መሠረታዊውን ሕግ በጥር 2015 ዓ.ም. ማንም በነፃ እንዲገለገልበት ለቆታል። እዚህ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የዚያ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት እትሞች አንዳንዱን ቀይረዋል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ካነበበው ለሌላው ያስረዳል። ወደ 400 ገጽ ስለሆነ ሁሉንም ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አታሳትሙ። በስልክ አንብቡትና የጭራቁን ገጽና የምትመርጧቸውን ገጸ ባሕርያት ብቻ አሳትሙ። የቀረው ወጪ ደብተር፣ እርሳስና ሻይ ነው። አንድ ታሪክ ሦስት አራት ሰዓት ስለሚወስድ እሑድ ከሰዓት ይመቻል።

ባለ 20 ገጹን ዳይስ ፍለጋ መንከራተት የለባችሁም። 20 የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡ፣ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፉባቸው፣ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ሳታዩ አንድ አውጡ። የዶፕልጋንገሩ ምት የሚቆጠረው በባለ ስድስት ገጹ ስለሆነ የሉዶው ዳይስ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ያወጣችሁትን ቆርኪ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ መልሳችሁ ክተቱ። ካልመለሳችሁት 20 ቁጥር አንዴ ከወጣች እስከ መጨረሻው ለማንም አትደርስም።